መርከቧ ገና ውሃ አልነካችም

ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን፤ ደረጃ ባየ ቁጥር ከሚያጉረመርመው ጉልበቴ በቀር የሚወራ ሕመም የለብኝም። ስድስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ደብዳቤ ሲደርስህ “ይሄ ሰውዬ ምን ነካው?” ማለትህ አይቀርም። የነካኝን እነግርሃለሁ፤ እንዳትስቅ ብቻ። እሺ፣ ሳቅ።

ጡረታ ስወጣ የሰጠኸኝን የተገጣጣሚ መርከብ ሣጥን ታስታውሰዋለህ። ቪክቶሪ፣ የእንግሊዙ አድሚራል ኔልሰን በትራፋልጋር የባሕር ውጊያ የተዋጋባት፣ 104 መድፍ ያላት መርከብ፤ እስኬሏ 1፡72፣ ማለትም ርዝመቷ ከእውነተኛዋ 72ኛ እጅ። “ከእንግዲህ ጊዜ የለኝም ብትል አልሰማህም” ብለህ ነበር ያስረከብከኝ። ከዚያ በደወልክ ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀኝ “መርከቧ ውሃ ወረደች?” ብለህ ነው። “ልትደርስ ነው” አልኩህ። ቀጥሎ “ቀለም ብቻ ቀርቷታል” አልኩህ፤ ያን ጊዜ የአንድ ጎኗ ጣውላ እንኳ አላለቀም ነበር። ከዚያ በኋላ ስልኩ ሲጮህ ስምህን እያየሁ ማለፍ ጀመርኩ። ወሩ ዓመት ሆነ፤ ዝምታውም ሲሰነብት የራሱን ዕዳ አመጣ። ሌላ ቅያሜ የለም። ሰው በአንዲት ተገጣጣሚ መርከብ አፍሮ ወዳጁን ይሸሻል ቢሉኝ እኔም አላምንም ነበር።

አሁን ብዕር ያስነሳኝ ልጄ ልጅህን አግኝታ የነገረችኝ ነው። ከሁለት ወር በኋላ አንተም ጡረታ ትወጣለህ አሉ፤ ዓይንህም አንድ ሣጥን ላይ አርፏል፤ “አንበሳ የተቀረጸባት የስዊድን መርከብ።” ቫሳን ማለቷ ነው። ይህን ሰምቼ ዝም ብል ሁለተኛ በደል ይሆንብኛል።

መጀመሪያ የእኔን ስማ። ሣጥኑን የከፈትኩ ሰሞን ደስታ በደስታ ነበር። አከርካሪዋና ጎድኖቿ በሌዘር የተቆረጡ የኮምፔርሳቶ ቁራጮች ናቸው፤ በሁለት ቀን ተገጣጥመው መርከብ መምሰል ይጀምራሉ። የሚያታልልህ ይሄ ነው። ከዚያ ጎድኖቹን ጣውላ ማልበስ ይመጣል። ጎድኖቹ ሲቆረጡ ጠርዛቸው ቀጥ ያለ ነው፤ የመርከቧ ጎን ግን ወደ አፍንጫዋ እየዞረ ስለሚሄድ፣ ጣውላው ሙሉ ለሙሉ እንዲያርፍ ጠርዙን በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ሰያፍ ማድረግ አለብህ። እኔ ይህን በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረስኩት። ሳምንት የሚፈልግ ሥራ ነበር።

ዋናው ጥፋት ግን የሒሳብ ነው። የመርከቧ ሆድ መሃሉ ላይ ሰፊ ነው፤ አፍንጫዋ ጋ ይጠባል። መሃሉ ላይ ከላይ እስከ ታች 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ 40 ይወስዳል። አፍንጫዋ ላይ ያለው ቦታ 12 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ፣ አርባዎቹም እዚያ እንዲደርሱ እያንዳንዳቸው ጫፋቸው ላይ ወደ 3 ሚሊ ሜትር መጥበብ አለባቸው። ከግማሽ በታች ማጥበብ ደግሞ አይመከርም፤ እዚያ ከደረስክ አንዱን ጣውላ መንገድ ላይ አስቁመህ ቦታውን ለጎረቤቱ ትለቃለህ። እኔ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ቁጥር ስደምር የኖርኩት ሰውዬ፣ አርባውንም በሙሉ ስፋታቸው ልጠቀጥቃቸው ሞከርኩ። ጣውላ በጠፍጣፋው በኩል እሺ ብሎ ይታጠፋል፤ በስፋቱ ግን አይሆንም። አስገድደህ ብታጣምመው አንዱ ጠርዙ ከጎድኑ ላይ ይነሳል። የእኔዋ መርከብ ፊቷ የዓሣ ቅርፊት መሰለ። ክፍተቱን በስቱኮ ሞላሁት፤ ደርቆ ተሰነጠቀ፤ ደግሜ ሞላሁት። መጨረሻ ላይ ከእንጨቷ ስቱኮዋ በዛ።

ደብተሬ ላይ 640 ሰዓት ተመዝግቧል፤ ምሰሶ አልቆመላትም። ያልደረስኩበት ደግሞ ይብሳል። መርከበኞቹ ወደ ምሰሶው የሚወጡበት የገመድ መሰላል አለ፤ በዚህ እስኬል ከአንዱ እርከን እስከ ሌላው 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። እርከኑ የቆመውን ገመድ ባለፈበት ሁሉ አንድ ቋጠሮ አለ። ሦስት ምሰሶ፣ ግራና ቀኝ፣ እያልክ ቁጠረው፤ በሺህ ነው። የግራ ዓይኔን ሞራ የጀመረውም በዚያው ሰሞን ነው። ጨርቅ አልብሼ ጥግ አቆምኳት። ባለቤቴ “በሽተኛዋ” ትላታለች፤ አቧራ ስትጠርግ “በሽተኛዋ እንዴት አደረች?” ትለኛለች።

ሞራውን ካስወጣሁ በኋላ ሌላ ሣጥን ገዛሁ። ትንሽ ጀልባ ናት። እ.ኤ.አ. በ1789 ባውንቲ የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ መርከበኞች አምፀው ካፒቴናቸውን ብላይን ከነታማኞቹ ያወረዱባት ጀልባ። ርዝመቷ 7 ሜትር ብቻ ነው፤ 19 ሰው ተጭኖባታል። ገና በመጀመሪያው ደሴት አንዱ ተገደለ፤ የቀሩት 47 ቀን በባሕር ላይ ቆይተው ቲሞር ደረሱ፤ 6,700 ኪሎ ሜትር ገደማ። ታሪኩን ስለምወደው ነው የገዛኋት ብልህ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ እስኬሏ 1፡16 መሆኑ ነው። ሠርተህ ስትጨርሳት 44 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች፤ ጭንህ ላይ አስቀምጠህ ትሠራታለህ። መድፍ የላትም፤ ወለሏም ክፍት ነው።

ቀላል ናት ማለቴ አይደለም። ቪክቶሪ ሁለት ደርብ ጣውላ ትለብሳለች፤ የመጀመሪያው ቢበላሽ ሁለተኛው ይሸፍንልሃል። ይቺ ግን የምትለብሰው አንድ ደርብ ብቻ ነው፤ ከውስጥም ከውጭም ትታያለች፤ የተረፈች የኮላ ጠብታ እንኳ ትጋለጣለች። ስለዚህ እንደ ደንቡ ተማርኩ። ገላጭ ፕላስተር ክፍተቱ ላይ እለጥፋለሁ፤ የጎረቤት ጣውላውን ጠርዝ በእርሳስ አነሳለሁ፤ ፕላስተሩን ልጬ ሰፋ ባለ ጣውላ ላይ እለጥፍና ያንን ቅርጽ እቆርጣለሁ። እንዲህ ሲሆን ጣውላው ገና ሲቆረጥ ጎባጣ ስለሆነ በስፋቱ ማጠፍ አያስፈልግም። የቀረውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ በፀጉር ማድረቂያ እያሞቅኩ አጎብጠዋለሁ። በቀን ሁለት ጣውላ፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ። ሁለቱን በአንድ ጎን ከደረደርክ አከርካሪው ይጣመማል።

እጄ ይንቀጠቀጣል፤ የአንተም ሳይጀምር አይቀርም። ሁለቱን ክርኖች ጠረጴዛው ላይ አሳርፍ፤ ትንሿን ጣት ደግሞ ሥራው ላይ፤ መንቀጥቀጡ ባይጠፋም ይቀንሳል። የምሠራው ጠዋት ነው። ግንባር ላይ የሚታሰር አጉሊ መነጽር ግዛ፣ አትከራከረኝ። ነጩ የእንጨት ኮላ ይበቃሃል፤ እስኪደርቅ ሐሳብ ለመቀየር ጊዜ ይሰጥሃል። በሱፐር ግሉ ወረንጦ ከአውራ ጣቴ ጋር አጣብቄ ግማሽ ቀን ዞሬአለሁ። ስትሞርድ አፍንጫህን ሸፍን፤ የዋልነት ብናኝ ሳል አሲዞኛል።

እንግዲህ ወደ ቫሳህ ልምጣ። እውነተኛዋ እ.ኤ.አ. በ1628 ስቶክሆልም ላይ ገና የመጀመሪያ ጉዞዋን ጀምራ 1,300 ሜትር ያህል እንደሄደች ነው የሰጠመችው፤ 64 መድፍ ተሸክማ ከላይ ከብዷት። እ.ኤ.አ. በ1961 አወጧት። ሣጥኗን የሚገዛ ሰው እንዲሁ በመጀመሪያው ወር ቢሰጥም አይደንቀኝም። ቅርጻ ቅርጾቿ በመቶዎች ይቆጠራሉ፤ ሣጥን ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚመጡት ከቀለጠ ብረት ተሠርተው ስለሆነ ቀለም መቀባቱ ብቻውን የክረምት ሥራ ነው። 1፡65 ብትሆን ርዝመቷ ከአንድ ሜትር ያልፋል፤ ቁመቷም 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በየትኛው በር ልታስገባት ነው? አቧራ እንዳይበላት መስታወት ቤት ሲጨመርባት ደግሞ ባለቤትህ ቤቱን ለቅቃ ትወጣለች።

ትልቅ መርከብ የሚያስመኘን ሣጥኑ ላይ ያለው ሥዕል ነው። አንተ ከሥዕሉ ይልቅ ሦስት ነገር እይ። መመሪያው እያንዳንዱን እርምጃ በፎቶ ያሳያል ወይ? ከሌላ ቋንቋ በግርድፉ የተመለሰ ከሆነ ተወው። እንጨቱስ? ጣውላውን አውጥተህ ጠርዙን በጥፍርህ ዳብሰው፤ ከሻከረና ከተሰነጠቀ ስትቆርጠው ያስለቅስሃል። ዋልነት ሁሉም ያወድሰዋል፤ እኔ ግን ለትንሽ እስኬል አልወደውም፤ ቀዳዳው በ1፡72 ሲሰላ ጣት የሚያስገባ ጉድጓድ ነው። የፒር እንጨት ልስላሴ ይሻለኛል። ሦስተኛውና ትልቁ ሣጥኑ ጎን ላይ ከ1 ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቁራጩ ይተልቃል፤ ለዓይናችንም ለጣታችንም ይመቻል።

ጀልባዬ ከስድስት መቅዘፊያዋ አምስቱ አልቀዋል። በሽተኛዋን ደግሞ ባለፈው ወር ጨርቁን ገለጥኩላት። ነጭ ኮላ በአልኮል ይለቅቃል፤ በብሩሽ እያራስኩ የግራ ጎኗን ጣውላ አንድ በአንድ እየነቀልኩ ነው፤ እስካሁን አሥራ አንድ።

የቫሳዋ ሣጥን ላይ ያለውን ቁጥር ንገረኝ፤ ገዝተሃትም ቢሆን። አትጻፍልኝ፣ ደውል፤ አነሳለሁ። የተለመደውን ጥያቄህንም ጠይቀኝ፤ አልወረደችም።

ወንድምህ