«አዲስ የእባብ ዝርያ» የሚለው አጻጻፍ ይታረም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

በሳይንስ ዓምዳችሁ ስለ ምሥራቅ አፍሪካ መርዛማ እባቦች ያስነበባችሁትን ጽሑፍ በደስታ ተከታትያለሁ። ሆኖም ግዙፉን መርዝ ተፊ ኮብራ «እ.ኤ.አ. በ2007 የተፈጠረ አዲስ ዝርያ» ብሎ የጠራው ዐረፍተ ነገር፣ ዕድሜውን ባዮሎጂ ሲያስተምር ለኖረ ሰው በዝምታ የሚታለፍ ስላልሆነ ይህን ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ስሕተቱ ሁሉ የጸሐፊው ነው አልልም፤ ቋንቋችንም ድርሻ አለው። በአማርኛ ቁንጮ ጤፍም ዝርያ ነው፣ የቦረና ከብትም ዝርያ ነው፣ ኮብራም ዝርያ ነው። ቁንጮን ተመራማሪዎች ሁለት የጤፍ ዓይነቶችን አዳቅለው ያወጡት ስለሆነ አዲስ ቢባል ያምርበታል። ግዙፉ ተፊ ኮብራ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ናጃ አሼይ፣ ግን ይህ ስም ሳይወጣለት በፊት በሰሜንና በምሥራቅ ኬንያ፣ በሰሜን ምሥራቅ ኡጋንዳ፣ በደቡብ ሶማሊያ፣ በእኛም አገር በደቡቡና በምሥራቁ ቆላ ሲነድፍና ሲገደል የኖረ እባብ ነው። ያን ጊዜ የጥቁር አንገት ተፊ ኮብራ (ናጃ ኒግሪኮሊስ) ቡናማ መልክ ነው እየተባለ በሌላ ስም ይጠራ ነበር።

በኬንያ የባሕር ዳርቻ በዋታሙ የእባብ ማቆያ ያቋቋሙት ጄምስ አሽ ከመጠን ያለፈ ትልቅ ተፊ ኮብራ ይዘው «ይህ ሌላ ሳይሆን አይቀርም» ያሉት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። በዚያው ማቆያ እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ እንዲህ ያለ እባብ ሲታለብ በአንድ ጊዜ 6.2 ሚሊ ሊትር መርዝ ሰጥቷል፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ይበልጣል። ይሁን እንጂ ትልቅነት ብቻውን ዝርያ አያደርግም። የእባብ ተመራማሪዎቹ ቮልፍጋንግ ቩስተርና ዶናልድ ብሮድሊ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ነገሩን የቋጩት ሁለት ዓይነት ማስረጃ ጎን ለጎን በማቅረብ ነው። የማይቶኮንድሪያው ዲኤንኤ (በሕዋስ ኃይል ማመንጫ ክፍል ውስጥ ያለው የዘር መረጃ) እባቡ የእሱ መልክ ነው ይባልለት ከነበረው ከጥቁር አንገቱ ኮብራ ይልቅ ለሞዛምቢክ ተፊ ኮብራ እንደሚቀርብ አሳየ፤ የቀለሙና የቅርፊቱ ሁኔታ ተዳምሮ ደግሞ ከሌሎቹ የአፍሪካ ተፊ ኮብራዎች ሁሉ ለየው። በዚያን ጊዜ በሕይወት ያልነበሩት አሽ ስማቸው በእባቡ ስም ውስጥ ቀረ።

ቅርፊት መቁጠር ለአንባቢ ቀላል ሊመስል ይችላል። በ1985 ዓ.ም. ቦረና ቆላ ሳስተምር ተማሪዎቼ የተገደለ ቡናማ ኮብራ በዱላ ላይ አንጠልጥለው አመጡልኝ። በልብስ ሰፊ ሜትር ስንለካው ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። የእባብ የሆድ ቅርፊቶች ከጎን ወደ ጎን ተጋድመው ከአንገት እስከ ፊንጢጣ እንደ መሰላል የሚወርዱ በመሆናቸው፣ በየአሥሩ ላይ መርፌ እየሰካን ቆጠርናቸው። አንዱ ተማሪ 197፣ ሌላው 199 ብሎ ተከራከሩ፤ እኔም ዳኛ ሆኜ ስቆጥር ሦስተኛ ቁጥር አመጣሁ። በመጨረሻ ከመጽሐፉ አይቼ «ጥቁር አንገት ተፊ ኮብራ» የሚል ወረቀት ለጠፍኩበትና በማሰሮ ፎርማሊን (ሬሳ እንዳይበሰብስ የሚያቆይ ፈሳሽ) ውስጥ ከተትኩት። የተያዘበትን ስፍራ አልጻፍኩም፤ ፎርማሊን ደግሞ ዲኤንኤን ስለሚያበላሽ፣ ቁራጭ ሥጋ አስቀድሜ በአልኮል ማስቀመጥ ነበረብኝ። ዛሬ ያ እባብ አሼይ ይሁን ኒግሪኮሊስ ማንም ሊነግረኝ አይችልም፤ ማሰሮውም ትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤቱን ባጸዳ ጊዜ ከቆሻሻ ጋር ተጥሏል።

አንዳንድ ወጣት ባልደረቦቼ ዲኤንኤ ካለ ቅርፊት መቁጠር የድሮ ሥራ ነው ይላሉ። በዚህ አልስማማም። የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ከእናት ብቻ የሚወረስ ስለሆነ፣ ሁለት ዝርያዎች በጥንት ዘመን ተዳቅለው ከነበረ የዘር ሐረጉን አዛብቶ ሊነግረን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2024 የደቡብ አሜሪካው አረንጓዴ አናኮንዳ በማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ 5.5 ከመቶ ስለሚለያይ ሁለት ዝርያ ነው ተብሎ ሲታወጅ፣ ሁለቱን በመልክ መለየት አዳጋች በመሆኑና ስሙ በወጣበት ሥርዓት ምክንያት ከሙያው ሰዎች ብርቱ ትችት ተነሥቷል።

የባሌው እፉኝት ታሪክ ደግሞ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ቢቲስ ሀረና ተብሎ የተሰየመው ይህ እባብ በእርግጠኝነት ይታወቅ የነበረው ትክክለኛ መገኛው ካልተጻፈለት ከአንድ የቆየ የሙዚየም ናሙና ብቻ ነው፤ በሀረና ደን በሕይወት ሳለ ፎቶ የተነሣ ሌላ እባብም የዚሁ ዝርያ ነው ተብሏል። ተመራማሪዎቹ በቅርፊቱና በቀለሙ ንድፍ ከደቡብ ምዕራቡ ዘመዱ ለይተውታል፤ እኔም ሙግታቸው አሳምኖኛል። ሆኖም በዚያ አሮጌ ናሙና ላይ አንድ ሰው የቀበሌ ስም ቢጽፍበት ኖሮ፣ ከተሰየመ በኋላ እባቡን የት ሄዶ መፈለግ እንደሚገባ ባላከራከረ ነበር።

ጉዳዩ የምሁራን ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ የሚያውቀው የቆላ ሐኪም ነው። የእባብ መርዝ ማርከሻ የሚሠራው ከተወሰኑ ዝርያዎች መርዝ ስለሆነ፣ በየአካባቢው የትኛው እባብ እንዳለ ሳይታወቅ የትኛው መድኃኒት እንደሚጠቅም መናገር አስቸጋሪ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም የእባብ ንድፊያን ችላ ከተባሉ የቆላ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ እርማት እንዲወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ። «እ.ኤ.አ. በ2007 ከጥቁር አንገቱ ኮብራ ተለይቶ ስም የወጣለት ዝርያ» ብትሉ በቂ ነው፤ ከአንድ መስመር አይበልጥም።

ከአክብሮት ጋር
ጡረታ የወጣ የባዮሎጂ መምህር፣ ከአዳማ