ድንጋይ ላይ የዋለ ክበብ፦ የፊዚክስና ጉዞ ክበብ የ2011 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ችግር የገጠመው ገና በምዝገባው ቀን ነው። ችግሩ የሰው ብዛት ነበር። "የፊዚክስና ጉዞ ክበብ" ሲባል ብዙ ተማሪ የሚሰማው "ጉዞ" የምትለዋን ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ስለ ጉዞ ትንፍሽ ሳንል ስለ ፍሪክሽን (ሰበቃ)፣ ስለ ቶርክ (የማዞር ጉልበት) እና ስለ ክብደት ማዕከል ብቻ አወራን። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ወንበሩ ለሁሉም በቃ።

የዓመቱን ርዕስ የመረጡት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። በስልካቸው የሚያዩት ቪዲዮ ነበር። መኪና የሰው ቁመት የሚያክል ድንጋይ ላይ እየተንፏቀቀ ሲወጣ ያሳያል። ሮክ ክሮሊንግ ይሉታል። አሜሪካ ውስጥ ዩታ በሚገኘው ሞአብ በየዓመቱ በፈረንጆቹ ፋሲካ ሰሞን ለዚሁ ጉዳይ ሰው ይሰበሰባል፤ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማለት ነው። ካሊፎርኒያ ያለው ሩቢኮን የሚባለው መንገድ ደግሞ ርዝመቱ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ ደርሶ መመለስን አያክልም። ግን ብዙ ሰው መንገድ ላይ አድሮ ነው የሚጨርሰው። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ውስጥ ቅሬታ ነገር ተሰማ። እነሱ የጠበቁት ፍጥነት ነበር።

"ታዲያ ቲቸር፣ እንዲህ ከተንፏቀቀ ምኑ ነው ስፖርት?" አለ አንዱ። ጥያቄውን ለጥር አቆየሁለት።

በኅዳር ወር ትምህርት ቤቱ አጠገብ ያለ አንድ ጋራዥ ፈቀደልን። መካኒኩ የተፈታ ዲፈረንሻል፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለውን የጥርስ ስብስብ፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ እጁ በግራሶ እንደጨቀየ አስረዳን። መኪና ሲጠመዘዝ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ሁለቱን እኩል ካሽከረከርካቸው አንዱ ይጎተታል። ዲፈረንሻሉ ይህንን ያስታርቃል። ግን ደግሞ መዘዝ አለው። አንዱ ጎማ አየር ላይ ከተንጠለጠለ ሽክርክሪቱ ሁሉ ወደዚያው ይሄድና መሬት የረገጠው ቆሞ ይቀራል። ልጆቹ ይህን በቃል ብቻ አላመኑም። ተመልሰው ከእንጨትና ከምስማር የራሳቸውን ሠሩ። ክብ እንጨቶች ላይ የተመቱት ምስማሮች እንደ ጥርስ ሆነው ይያያዛሉ። ሲዞር እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ግን ይሠራል። አንዱን ጎማ በእጅ ስትይዙት ሌላው እጥፍ ይፈጥናል። በእኔ ግምት የዓመቱ ምርጥ ሥራችን ከጉዞውም በላይ ይህ ነው፤ አባላቱ ባይስማሙም።

የጉዞው ገንዘብ የተገኘው ከቆሎና ከሻይ ሽያጭ፣ ከወላጆች መዋጮና ከትምህርት ቤቱ ድጎማ ነው። በዝርዝሩ አላሰለቻችሁም። የወላጆች ስብሰባው ግን መነገር አለበት።

አንድ አባት ተነሥተው "መንገድ እያለ ልጆቹን ድንጋይ ላይ ምን አስወጣቸው?" ብለው ጠየቁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የእኔ መልስ ይህ ነበር፦ በአገራችን መንገድ ያልደረሰበት ቦታ ሞልቷል። ክትባት የሚያደርሰውም፣ የእርዳታ እህል የሚጭነውም መኪና እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው ሲታገል የሚውለው። አሜሪካዊው ለመዝናናት ብሎ የሚሄድበትን የእኛ ሹፌር ለእንጀራው ይሄድበታል። አንዲት እናት ደግሞ ስለ ጅብ ጠየቁ። ጅብ እንዳለ አልደበቅኩም። የፓርኩ ስካውቶች (ጠባቂዎች) ከእነ መሣሪያቸው አብረውን እንደሚያድሩ ነገርኳቸው። ፈረሙ። ሁላችንም የተስማማንበት ዋናው ሕግ አንድ ነበር፦ ማንም ተማሪ የመኪና መሪ አይነካም።

ጉዞው ከጥምቀት በኋላ በሴሚስተሩ እረፍት ሆነ። የመረጥነው አዋሽ ብሔራዊ ፓርክንና የፈንታሌን ተራራ ነው። ወሩን የመረጥነው በሙቀቱ ምክንያት ነው። ቆላው በጥር እንኳ ቀን ላይ ያቃጥላል፤ በግንቦት ልጆች ይዞ እዚያ መሄድ ድፍረት ነው። ውሃ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ብለን አስልተን ጫንን። በስሌቱ የሳቁ ነበሩ። ቅዳሜ ከሰዓት አልሳቁም።

በፍጥነት መንገዱ አዳማ ድረስ ያለውን ዝም ብዬ ልለፈው። የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ውስጥ የተዘፈነውን መጻፍ አይቻልም። መተሐራ ስንደርስ ግን በሰቃ ሐይቅ ዳር አቆምን። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህ ሐይቅ ስፋቱ ከ3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም ነበር። ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። የመኪናውንም የባቡሩንም መንገድ ሲያስቸግር ኖሯል። ምክንያቱ የመስኖ ውሃ ነው ወይስ ከመሬት በታች የሚመጣው፣ ተመራማሪዎች ብዙ ተከራክረውበታል። ውሃው ጨዋማ ስለሆነ ለመጠጥም ለእርሻም አይሆንም። ሐረማያ ደረቀ ብለን ባዘንንበት አገር አንድ ሐይቅ ሲያድግ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በዙሪያው ያለው ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ነው። በ1820ዎቹ እ.ኤ.አ. ከፈንታሌ ደቡባዊ ጎን መሬቱ ተሰንጥቆ ነው የወጣው። ለድንጋይ ዕድሜ ሁለት መቶ ዓመት ምንም አይደለም። ገና ሣር በቅጡ አልያዘውም።

ተራራው ከፍታው 2,007 ሜትር ነው። እስከ እሳተ ገሞራው አፍ አቅራቢያ የሚያደርስ የመኪና መንገድ አለው። መንገድ ካላችሁት። አውቶቡሱን ታች ትተን ሁለት ሃርድ ቶፕ ላንድ ክሩዘር ተከራየን። ባለ 4.2 ሊትር ናፍታ ሞተር ናቸው። ሁሉንም ስለማይዙ ቡድኑን ለሁለት ከፈልን። ግማሹ ቅዳሜ ይወጣል፣ ግማሹ እሑድ። የቀሩት ከሌላዋ መምህርት ጋር ፓርኩ ውስጥ ያለው የአዋሽ ፏፏቴ ዘንድ ይውላሉ።

ጎህ ሳይቀድ ተነሣን። መጀመሪያ የተደረገው ነገር ልጆቹን ግራ አጋባ። ዋናው ሹፌር ጎማዎቹን ማስተንፈስ ጀመረ። አስፋልት ላይ ከ35 ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ ነው) በላይ የነበረውን ወደ 20 አወረደው። "ጋሼ፣ አይበሳም?" አሉት። እሱ መልስ አልሰጠም፤ ወደ እኔ ጠቆመ። እኔም መሬት ላይ በእንጨት ጻፍኩላቸው፦ ግፊት ማለት ኃይል ሲካፈል ለስፋት። አየሩ ሲቀንስ ጎማው ይተኛል፤ የሚነካው ስፋት ይጨምራል፤ ድንጋዩን ተጠግቶ ያቅፈዋል። ጠጣር ጎማ ግን ድንጋይ ላይ እንደ ኳስ ይነጥራል። ሁለት ወር በሰሌዳ ላይ ያየነውን አሁን በጣታቸው እየተጫኑ አረጋገጡት።

ከዚያ ሹፌሩ አራቱንም ጎማ አስገብቶ በዝቅተኛው ማርሽ ጀመረ። ነዳጅ አይረግጥም። ሞተሩ በራሱ ጉልበት ይጎትታል። ፍጥነቱ የሰው እርምጃ ነው፤ አንዳንዴም ከዚያ በታች። የተማሪዎቹ ሥራ ከመኪናው ወርዶ ከፊት እየሄዱ መንገድ ማሳየት ነበር። ይሄ ነው እንግዲህ የዚህ ሙያ ዋናው ነገር። ሹፌሩ ቦኔቱ ስር ያለውን ድንጋይ አያይም። የሚያየው ከፊቱ የቆመውን ሰው እጅ ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ ድንጋይ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ሁሉም ባንድ አፍ ጮኹ። "ግራ ጋሼ!" "ኧረ ቀኝ!" "ቁም! ቁም!" "ና፣ ና፣ ና!" ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ከኪሱ ጥርስ መፋቂያ አወጣና በመስኮቱ ማዶ ማየት ጀመረ። ጸጥ ሲሉ፣ "አንድ ሰው ምረጡና ጥሩኝ" አለ። ከዚያ በኋላ ሥርዓት መጣ። አንድ ሰው ብቻ በእጁ ያመላክታል። ሌላው አፉን ይዘጋል። ለመዝጋት የተቸገሩት እነማን እንደሆኑ ራሳቸው ያውቃሉ።

ከዚህ በላይ ትንሽ እንደሄድን ያ የእንጨትና የምስማር ዲፈረንሻል በእውነተኛው ተተካ። የመኪናው የኋላ ግራ ጎማ ጉድባ ላይ ተንጠለጠለ፤ የፊት ቀኙም አብሮት ከመሬት ለቀቀ። ሁለቱ አየር ላይ ይሽከረከራሉ። መሬት የያዙት ሁለቱ ግን ንቅንቅ የለም። ልጆቹ ከመደንገጥ ይልቅ በደስታ ዘለሉ። "ቲቸር፣ ልክ እንደ እኛው!" ሹፌሩ ይህን ደስታ ብዙም የተጋራ አይመስለኝም። ድንጋይ እየለቀሙ ከተንጠለጠለው ጎማ ስር ደረደሩ። መጀመሪያ የደረደሩት ክብ ክቡን ስለነበር ተስፈንጥሮ ወጣ። ስካውቱ ሁሉንም ወደ ኋላ አራቃቸው። ቀጥሎ ጠፍጣፋውን መርጠው እንደ ግንበኛ ገጣጠሙት። ጎማው ነካው። መኪናው አንዴ አቃሰተና ወጣ።

በዚህ መሀል አንድ የከረዩ ሽማግሌ ግመሎቻቸውን እየነዱ መጡ። ቆም ብለው አዩን። ለስካውቱ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ተናገሩና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ስካውቱ እየሳቀ ተረጎመልን፦ "በእግራችሁ ብትሄዱ እስካሁን ወጥታችሁ ትመለሱ ነበር" ነው ያሉት። ግመሎቹ ከዓይናችን ሲሰወሩ እኛ ገና ያው ድንጋይ አካባቢ ነበርን።

የመጨረሻውን ክፍል በእግር ሄድን። አፉ ላይ ስትደርሱ መሬቱ ድንገት ያልቃል። ከታች ረዥሙ ጎኑ 4 ኪሎ ሜትር የሚሆን ጎድጓዳ ሜዳ አለ። ግድግዳው ገደል ነው፤ ውስጡ ግን ሣርና ዛፍ በቅሎበታል። ጠርዙ ላይ ከድንጋይ ስንጥቅ እንፋሎት ይወጣል። ልጆቹ እጃቸውን ሊያስገቡ ሲሉ ስካውቱ አንድ እንቁላል ብታመጡ ኖሮ ብሎ አስፈራራቸው። ተራራው አልሞተም፤ ተኝቷል። ጂኦግራፊ የሚያስተምሩት ባልደረባዬ ቢኖሩ እዚያው አንድ ክፍለ ጊዜ ያስተምሩ ነበር። እኔ ወደ ፊዚክሴ ተመለስኩ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ፍሬን ላይ ተኝቶ መውረድ እንደማይቻል፣ ሞተሩ ራሱ እንደሚይዝ፣ ፍሬን ሲግል ምን እንደሚሆን። ያ "ምኑ ነው ስፖርት?" ያለው ልጅ ያንን ቁልቁለት ሙሉ ከፊት ሆኖ ያመላከተው እሱ ነው። ታች ሲደርስ ሸሚዙ በላብ ተጣብቆበታል። መልስ አልጠየቅኩትም።

ድንኳናችን አዋሽ ወንዝ ዳር ነበር። ከወንዙ በቂ ርቀት ላይ፤ አዞ አለ። እንጨት ከፓርኩ መልቀም ስለማይፈቀድ ያበሰልነው በያዝነው ቡታ ጋዝ ነው። ፓስታው ለሁለት የሚከፈል አቋም ነበረው፦ ላዩ ጥሬ፣ ታቹ የተቃጠለ። በሶና ድርቆሽ አዳነን። ሌሊት ጅቡ ጮኸ። ከድንኳን ድንኳን "ሰማችሁ?" መባባል ሆነ። ስካውቶቹ ግን ሻያቸውን ይጠጣሉ። ጠዋት ላይ አንድ ጦጣ የዳቦ ፌስታል ይዞ ዛፍ ላይ ወጣ። ይህንን በካሜራ የያዘ አለ፤ ሙሉውን የዳቦ አቅርቦት ይዞ ሄዷልና ብዙዎቻችን የሳቅነው ዘግይተን ነው።

እሑድ ሁለተኛው ቡድን ሲወጣ የመጀመሪያው ሳላና የሜዳ ፍየል አየ። ፏፏቴው በጥር ውሃው ቀንሷል፤ ቢሆንም ያስገመግማል። ያ ሁሉ ውሃ 1,200 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ መቅረቱ ልጆቹን አናደዳቸው። ከመሄዳችን በፊት የራሳችንን ቆሻሻ ለቀምን። የሌሎችንም ለቀምን። ከተሰበሰበው ብዙው የሃይላንድ ፕላስቲክ ነው። የፓርኩ ክልል ከ750 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ፕላስቲኩ ግን መኪና የሚቆምባት ጥላ ስር ብቻ ነው የሚከማቸው።

ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ጸጥ ያለ ነበር። የ10ኛ እና የ12ኛ ክፍል አባላት ለብሔራዊ ፈተና ስለተለቀቁ ሥራው በ9ኛና በ11ኛ ክፍል ልጆች ላይ ወደቀ። በግንቦት የትምህርት ቤቱ ቀን ላይ ዲፈረንሻሉን፣ የጎማ ግፊት ሙከራውንና የጉዞውን ፎቶዎች አሳዩ። ትንንሾቹ ምስማር ያለበትን ካልነካን ብለው ሲያስቸግሩ ዋሉ። አንድ ጥርስ ወልቋል፤ ተጠግኗል። ሞዴሉ አሁን ፊዚክስ ላቦራቶሪ መደርደሪያ ላይ ነው።

ለመስከረም የሚቀሩን ነገሮች አሉ። የአንዱ ድንኳን ዚፕ ተበላሽቷል። የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑ ፋሻ ጎድሎታል። የሚቀጥለው ዓመት ርዕስ ገና አልተወሰነም፤ ባቡር የሚሉም አሉ፣ ጀልባ የሚሉም አሉ። አዋሽ ድረስ ሄዶ የተመለሰው ባለ ገመዱ የራስ ላይ ባትሪ እስካሁን ወደ መጋዘን አልገባም። ማን ዘንድ እንዳለ እገምታለሁ። ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ይመልሰው።