የትኛው ፈቃድ ምን ያሠራሻል፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔና እናትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ምህንድስናውን አቋርጠሽ ወደ ኤሌክትሪክ ሥራ ለመግባት ማሰብሽን በስልክ ስትነግሪን እናትሽ ዝም ያለችው ነገሩ ስላልገባት እንጂ ስለተቆጣች አይደለም፤ እኔም ቅር አልተሰኘሁም። ያሳሰበኝ ጆርኒማን፣ ማስተርና አድሚኒስትሬተር የሚሉትን የኤሌክትሪክ ሥራ ፈቃድ ስሞች እንደ ወታደር ማዕረግ አንዱ ካንዱ በላይ የተደረደሩ አድርገሽ መናገርሽ ነው። በዋሽንግተን ስቴት እያንዳንዱ ስም የሚያሠራውንና የሚያስጠይቀውን ነገር ሕጉ ለይቶ ወስኖታል።

ዘመዶቻችን ከሚወዱት ስም ልጀምር። «ልጃችን ኢንጂነር ናት» ማለት ለቅሶ ቤት ውስጥ እንኳ ያስከብራል። ነገር ግን የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ዲግሪ የያዘ ሰው በዲግሪው ብቻ ሰው ቤት ገብቶ፣ ገንዘብ ተቀብሎ፣ አዲስ የኤሌክትሪክ መስመር መዘርጋት አይፈቀድለትም። በንድፍ ላይ ማኅተሙን ለማሳረፍም መሠረታዊውን ፈተና ማለፍ፣ በሥራ ላይ ልምድ ማካበትና ሁለተኛውን የሙያ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል። ሁለቱ መንገዶች የተለያዩ ስለሆኑ አንዱን መተው ከሌላው ዝቅ ማለት ተደርጎ መቆጠር የለበትም።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን መንገድ የሚቆጣጠረው ሁላችንም ኤል ኤንድ አይ የምንለው የስቴቱ የሠራተኛና ኢንዱስትሪ መምሪያ ነው። ሽቦ ከመንካትሽ በፊት የትሬይኒ (የተለማማጅ) ካርድ ታወጫለሽ፤ የምትሠሪውም ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን በዚያው የሥራ ቦታ ሆኖ ሲቆጣጠርሽ ብቻ ነው። ለጆርኒማን፣ ማለትም በማንኛውም ሕንፃ ለሚያሠራው ሙሉ የኤሌክትሪሺያን ፈቃድ፣ 8,000 ሰዓት የሥራ ልምድ ያስፈልጋል፤ ከዚህም ቢያንስ 4,000 ሰዓቱ በንግድ ወይም በኢንዱስትሪ ሕንፃዎች የተሠራ መሆን አለበት። ድሮ አንድ ሰው ከሚያውቀው ኮንትራክተር ጋር እየሠራ ሰዓቱን አጠራቅሞ፣ የሚጠየቀውን የክፍል ትምህርት ወስዶ ለፈተና ይቀመጥ ነበር፤ ከሐበሻው ብዙዎቹ በዚህ በር ገብተዋል። ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ግን ለጆርኒማን ፈተና ለመቅረብ በስቴቱ የታወቀ የአፕረንቲስሺፕ (ሥራና ትምህርትን ያጣመረ ሥልጠና) ፕሮግራም መጨረስ ግዴታ ሆኗል። ስለዚህ «ከእኔ ጋር ጀምሪ፣ ሰዓቱ ይሞላልሻል» የሚሉሽ ሰዎች በቅንነት ቢናገሩም የሚነግሩሽ የተሻረውን ሕግ ነው።

በመኖሪያ ቤቶች ብቻ የሚያሠራውን የኤሌክትሪሺያን ፈቃድ በተመለከተ የጠየቅሽኝ ተገቢ ጥያቄ ነው። 4,000 ሰዓት ስለሚበቃው በግማሽ ጊዜ ይገኛል፤ ልጆች የሚያሳድግና ገቢው ቶሎ እንዲሻሻል የሚፈልግ ሰው ቢመርጠው አልፈርድበትም። ሆኖም በዚያ ካርድ ሆስፒታል፣ ፋብሪካ ወይም የመረጃ ማዕከል ውስጥ ገብተሽ ሙሉውን ሥራ መሥራት አትችይም፤ ያለ ቤተሰብ ኃላፊነት በምትኖሪበት በዚህ ዕድሜሽ አጭሩን መንገድ ለመምረጥ የሚያስገድድሽ ምክንያት አይታየኝም።

ማስተር የጆርኒማንን ሥራና የአድሚኒስትሬተርን ኃላፊነት ያጣመረ ፈቃድ ነው፤ ፈተናውን ለመውሰድ በጆርኒማንነት አራት ዓመት መሥራት ያስፈልጋል። አድሚኒስትሬተር ግን የሥራ ልምድ ሳይጠየቅ በፈተና ብቻ የሚሰጥ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ሽቦ ይዞ የማያውቅ ሰው መጽሐፉን አጥንቶ ፈተናውን ካለፈ፣ የአንድ ኮንትራክተር ድርጅት ሥራ ሕጉን ተከትሎ መሠራቱን በኃላፊነት ሊቆጣጠር ይችላል፤ በዚያው ካርድ ግን ራሱ ሽቦ እንዲዘረጋ አይፈቀድለትም። ማንኛውም የኤሌክትሪክ ኮንትራክተር ከሁለቱ አንዱን መመደብ ስላለበት፣ የራስሽን ድርጅት ለመክፈት ካሰብሽ ይህ ይመለከትሻል፤ አሁን ግን ጊዜው አይደለም።

የጆርኒማን ፈተና የአገሪቱን የኤሌክትሪክ ኮድና (የአሠራር ደንብና) የስቴቱን ሕግ የሚመለከት ሲሆን ማለፊያው 70 በመቶ ነው። ኮዱ በየሦስት ዓመቱ ስለሚታደስ የጆርኒማን ካርድሽንም በየሦስት ዓመቱ 24 ሰዓት ተጨማሪ ትምህርት ወስደሽ ታሳድሺዋለሽ። ፈቃዱ የስቴቱ ነውና ወደ ሌላ ስቴት ብትዛወሪ የዚያን ስቴት ደንብ ትጠይቂያለሽ።

ሬንተን የሚገኘውን የሠራተኛ ማኅበሩንና የአሠሪዎቹን የጋራ ማሠልጠኛ እንድትመለከቺ እፈልጋለሁ፤ ከማኅበሩ ውጪ ያሉ ኮንትራክተሮችም የራሳቸው ፕሮግራም አላቸው። በማኅበሩ መንገድ የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃ፣ የአልጀብራ ውጤት፣ የሒሳብና የንባብ ፈተና፣ ከዚያም ቃለ መጠይቅ አለ። አንቺ ካልኩለስ ስለተማርሽ ሒሳቡ አያስቸግርሽም። ተራ መጠበቅ ሊኖር ስለሚችል ግን ጥሪው እስኪደርስሽ ድረስ ከኮሌጅ አትውጪ። የትምህርት ውጤትሽን ማስረጃ በዚህ ሳምንት ከሬጂስትራር አስወጥተሽ ላኪልኝ፤ ማመልከቻውን አብረን እንሞላዋለን። ለእናትሽ እኔ አስረዳታለሁ።

አባትሽ