ደብዳቤ ለልጄ፦ ስትናደጂ አትጻፊ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። መሐል ሜዳ ብርዱ ብሶበታል። አባትሽ ያው ጉልበቱን እያለ ነው፤ አንቺ በሱ አታስቢ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የአክስትሽ ልጅ ስልኳን ይዛ መጣች። «እቴቴ፣ ይቺን አይተሻል?» አለችኝ። አየሁ። ልጄ ስለ ማዳበሪያ ኢንተርኔት ላይ የጻፈችው ሥር ስንትና ስንት ሰው ይሰድባታል። ዝቅ ስል ደግሞ ልጄም ትሳደባለች። «አንተ ደንቆሮ» ያልሽውን መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት። ከማን ቤት የወጣ አፍ ነው?

ማዳበሪያ ለምን ዘገየ ብለሽ መጠየቅሽ ደግ ነው። እዚህም ገበሬው የሚጠይቀው እሱኑ ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ስትናደጂ አትጻፊ።

እስቲ ረጋ ብለሽ መልሰሽ አንብቢው። አንዱ «ያኔ የት ነበርሽ?» አለሽ። አንቺም የት እንደነበርሽ ማስረዳት ጀመርሽ፤ ማዳበሪያው እዚያው ቀረ። ሌላው «ስንት ተከፈለሽ?» አለ፤ እንዳልተከፈለሽ ማልሽ። አንዷ «ስለዚህ አገር ይፍረስ ነው የምትዪው» አለች። ያላልሽውን ለማስተባበል ያን ሁሉ ጻፍሽ። አንዱ ደግሞ ትሑት መስሎ «ለመማር ነው፣ ማስረጃ ካለሽ» ይላል። ሰጠሽው፤ ሌላ ጠየቀ። እሱንም ሰጠሽው፤ አሁንም ሌላ። እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት አስቀመጠሽ። ለመማር የመጣ ሰው የሰጡትን ያነባል። ይሄ ሊያደክምሽ ነው የመጣው።

«ያኔ የት ነበርሽ» የሚሉት ሁሉ ግን ተንኮለኞች አይደሉም። ወገናቸው ሞቶ ማንም ያላለቀሰላቸው ሰዎችም እንዲህ ይላሉ። ለነሱ በትሕትና መልሺ።

ያ ቃልሽን የቆረጠብሽ ግን ከሁሉም ይብሳል። አንቺ ያልሽው «ገበሬው ቢቆጣ አይፈረድበትም፤ ሰው መጉዳት ግን ልክ አይደለም» ነው። እሱ «አይፈረድበትም» ላይ ቆርጦ ስክሪንሾቱን ለጠፈው። እኔ የችሎት ጸሐፊ ሆኜ የምስክር ቃል እንዲህ ብጎርድ በማግስቱ ከሥራ እባረር ነበር። እዚያ ግን ላይክ ይደረግለታል። አንቺም ይሄን አይተሽ ነው የጦፍሽው፤ ይገባኛል። ግን ከዚያ በኋላ ከጻፍሽው ሁሉ ሰው የተቀባበለው ስድብሽን ብቻ ነው።

አያትሽን ያበላሸውም ይሄው ነው። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት መንዝ ውስጥ ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ነበር፤ ስለዚህ ሙግት አያልቅም። አያትሽ ትውልድ ሲቆጥር እስከ ዋናው አባት ድረስ አንድ ስም አይዘልም። ባላጋራው በቆጠራ እንደማይችለው ያውቃል። በላ ልበልሃ በሚባለው የድሮ የችሎት ሙግት ላይ ነጠላቸውን አደግድገው ቆሙ። አያትሽ በማር ተወራረደ። ባላጋራው ተራው ሲደርስ ስለ ርስቱ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መጀመሪያ እናትህን ከየት ገበያ እንዳመጧት ንገረን» አለ። አያትሽ ዱላውን አነሣ። አልመታውም፣ ሰው ያዘው። ግን በዚያ ቀን ርስቱን ያነሣ የለም። ችሎት ደፍረሃል ተባለ፣ ዋስ ጥራ ተባለ፣ ቀጠሮው ተራዘመ። ባላጋራው ፈገግ እያለ በቅሎው ላይ ወጣ።

እንዲህ ሲጓተት 1967 መጣ፤ መሬት የሕዝብ ሆነ ተባለና ሁለቱም እኩል ወጡ። አያትሽ ግን እስኪሞት አልተወውም። ማታ ማታ ምድጃ ዳር ተቀምጦ ለዚያ ሰውዬ መልስ ይሰጠው ነበር። እንዴት ያለ መልስ መሰለሽ! እናቴ «በል አሁን ረታህ፣ እራትህን ብላ» ትለዋለች።

ምን እያልኩሽ ነበር? አዎ፣ ስትናደጂ አትጻፊ።

ላይቭ ግቢና እንከራከር ያለሽ ሰውዬ ጋ እንዳትገቢ። ማይክሽን የሚዘጋውም የሚከፍተውም እሱ ነው። ስድቡ ሲደምቅ ተመልካቹ ጊፍት ይልካል፣ ጊፍቱ ወደ ገንዘብ ይቀየራል። በላ ልበልሃ እንኳ ዳኛ ነበረው። ባላጋራሽ ራሱ ዳኛ በሆነበት ምን ትሠሪያለሽ?

ስም መለጠፍም ተዪ። አንዱን «ባንዳ» ብለሽዋል፤ አይቻለሁ። በ1968 አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ «አብዮታዊ መድረክ» የሚባል ዓምድ ነበር። ትልቁ አጎትሽ ጮክ ብሎ ሲያነብ እሰማለሁ፤ ልጅ ነኝ፣ አይገባኝም። የሁለቱ የግራ ድርጅቶች፣ የኢሕአፓና የመኢሶን ሰዎች ይከራከሩበታል። አንዱ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም ይላል፣ ሌላው ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ እንስጥ ይላል። ብዙም ሳይቆይ «ባንዳ» እና «አናርኪስት» መባባል ሆነ። በቀይ ሽብር ጊዜ እንዲህ ያለው ስም ወረቀት ላይ እየተጻፈ ሬሳ ላይ ይለጠፍ ነበር። የአጎትሽን ነገር ታውቂዋለሽ፤ አልደግመውም።

አሁን የምልሽን አድርጊ። ስድብሽን አጥፊና ስለ እሱ አንድ መስመር ይቅርታ ጻፊ። ያልተቆረጠውን ቃልሽን አንዴ መልሰሽ ለጥፊው፤ ዝም ብሎ ለሚያነበው ሰው ነው እንጂ ለሚሰድብሽ አይደለም። ነገር ለሚያዞር «እሱን ሌላ ቀን፤ ማዳበሪያው ለምን ዘገየ?» በይው። ከሁለት ጊዜ በላይ አትመልሺ። ያ የለጠፍሽው የመጋዘን ፎቶ ከየት እንደመጣ ካላወቅሽ ዛሬውኑ አውርጂው። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨትን ያስቀጣል፤ ተከታዩ ከ5,000 በላይ ለሆነ ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል። አንቺ ስንት ደረስሽ?

ደግሞ ሌሊት ተኚ፣ የኔ እናት። ደም ግፊት በዘራችን አለ። የተናደድሽ ቀን ለኔ ደውዪ፤ እኔን ስደቢኝ፣ ስክሪንሾት አላደርግም። ብቻ ስትናደጂ አትጻፊ።

በሶና ቅቤ ሐሙስ በሚመጣው መኪና ልኬልሻለሁ። ላምበረት ሄደሽ ተቀበዪ፤ ሹፌሩ ስልክሽን ይዟል። ለአከራይሽም ትንሽ ስጫት። የቅቤውን ዕቃ ግን መልሺልኝ፤ ያለፈውንም አልላክሽም።

እናትሽ