ስድስት ገጽ ብቻ

ውድ የወላጆችና የመምህራን ኅብረት አባላት፣

ባለፈው ስብሰባ የተነሳው ጥያቄ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። መልሱን የሚያውቅ ልጅ ለምን እጁን አያወጣም? ትክክል የጻፈችውን ቁጥር ወረቀቱ እስኪቀደድ በላጲስ የምታጠፋ ልጅ አይቻለሁ። የጎደላት እውቀት ሳይሆን «እችላለሁ» የሚለው እምነት ነበር።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ አልበርት ባንዱራና ዴል ሹንክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ባሳተሙት ጥናት በሒሳብ ቁጥር መቀነስ ለሚከብዳቸው ልጆች 42 ገጽ መልመጃ ሰጡ። አንዱ ቡድን በየክፍለ ጊዜው 6 ገጽ እንዲሠራ፣ ሌላው ደግሞ ሁሉንም በሰባት ክፍለ ጊዜ እንዲጨርስ ተነገረው። ሥራው ያው ነው። በስሌትም በራስ መተማመንም ልቀው የተገኙት ግን ባለ 6 ገጾቹ ነበሩ። ልጅ በራሱ የሚያምነው ሲያሞግሱት ብቻ አይደለም፤ ትናንት ያቃተውን ዛሬ ሲሠራው በዓይኑ አይቶ ነው። ባዶ ሙገሳን ደግሞ ልጆች ቶሎ ይለዩታል፤ ይህን አቅልለን እንዳናየው እለምናችኋለሁ።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት የቤት ሥራውን ከፋፍላችሁ ስጡ። ለሚቀጥለው ስብሰባ ከልጃችሁ የቆየ ደብተር አንድ ገጽ፣ ከአሁኑ ደግሞ አንድ ገጽ ይዛችሁ ኑ። መጀመሪያ ግን ለልጁ አሳዩት።