ቁጭ ብለሽ አታንጊ

የኔ ልጅ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ትናንት ማታ ወንድምሽ ደውሎ ነበር። ስለ መኪናው ሲያወራኝ ቆየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባዬ፣ እሷ እኮ አትተኛም» አለኝ። «ስኩዊድ ጌም»ን፣ 22ቱንም ክፍል፣ በሦስት ሌሊት ጨርሰሽዋል። ሐሙስ ጠዋት ሥራ አርፍደሽ ገባሽ። በዚህ ወር ሁለተኛሽ ነው። ወንድምሽን እንዳትቆጪው፤ ጨንቆት ነው የነገረኝ።

ፊልም አትዪ አልልሽም። ከሄድሽ ወዲህ የላክሽልኝን ዝርዝር ይዤ እኔም አንድ በአንድ እያየሁ ነው። እሁድ ስትደውዪ የምናወራው እንዲኖረን ብዬ። የምልሽ አንድ ነገር ነው፦ ቁጭ ብለሽ አታንጊ።

«ስኩዊድ ጌም»ን እኔም ሙሉውን አይቼዋለሁ፤ አንድ ወር ፈጀብኝ እንጂ። ዕዳ አንቆ የያዛቸው 456 ሰዎች በልጆች ጨዋታ ሲያልቁ ማየት ከባድ ነው። ብይ የሚጫወቱበት ክፍል ግን ትልቅ ሥራ ነው። ጥንድ ጥንድ ሁኑ ሲባሉ እንረዳዳለን ብለው የሚወዱትን ሰው መረጡ። ከዚያ በኋላ ነው ጨዋታው እርስ በርስ መሆኑ የተነገራቸው። ባልና ሚስትም ነበሩበት። እዚያ ላይ አቁሜ ደጅ ወጣሁ፤ ትንሽ ተናፍሼ ነው ተመልሼ የጨረስኩት። ሁለተኛውና ሦስተኛው ምዕራፍ ግን ዝም ብሎ የተለጠጠ ነው። የሚለውን በመጀመሪያው ዘጠኝ ክፍል ብሎ ጨርሷል። ለዚህ ነው ሥራሽን አደጋ ላይ የጣልሽው?

አንዱ ክፍል ሲያልቅ፣ የሠሩት ሰዎች ስም እንኳ ወርዶ ሳያበቃ፣ ቀጣዩ በራሱ ይጀምራል። ለመቀጠል ምንም ማድረግ የለብሽም፤ ለማቆም ነው እጅሽን ማንሳት ያለብሽ። ይህን ድራማ የሚያሳይሽ የኔትፍሊክስ አለቃ የነበረው ሪድ ሄስቲንግስ እ.ኤ.አ. በ2017 የምንፎካከረው ከእንቅልፍ ጋር ነው ብሎ በአደባባይ ተናግሯል። ስለዚህ ዛሬውኑ በኮምፒውተር ግቢ። አካውንትሽን ክፈቺ፣ በስምሽ ያለውን ፕሮፋይል ምረጪ፣ ሴቲንጉ ውስጥ ቀጣዩን ክፍል በራሱ ጀምር የሚለውን ፈልገሽ ምልክቱን አንሺው። ቻርጀርሽንም ከመኝታ ቤት አውጪው። ነገ እጠይቅሻለሁ።

«አዶለሰንስ»ን ባለፈው ሳምንት አየሁት። አራት ክፍል ብቻ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቆረጥ በአንድ ቀረጻ የተሠራ ነው። መጀመሪያ ምን አስፈለገ ብዬ ነበር። ሦስተኛው ክፍል ላይ ገባኝ። ልጁና የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ተፋጠው ተቀምጠዋል። ካሜራው ጥሏቸው አይሄድም፤ አንቺም ማምለጫ የለሽም። አብራው የምትማር ልጅ ገድለሃል ተብሎ የተያዘው የ13 ዓመት ልጅ አንዴ ይቆጣል፣ አንዴ ይለማመጣል። ልጁን ሆኖ የሚጫወተው ኦውን ኩፐር ከዚያ በፊት ተውኖ አያውቅም ሲሉኝ ማመን አቃተኝ።

መጨረሻው ክፍል የአባትየው 50ኛ ልደት ነው። ልጃችን መኝታ ቤቱ ነው፣ ምን ያገኘዋል ብለው እንደነበር ከሚስቱ ጋር ያነሱታል። ከዚያ አባትየው የልጁ አልጋ ላይ ወድቆ ያለቅሳል። ሲነሳ የልጁን አሻንጉሊት ድብ አስተኝቶ አልጋው ውስጥ ይሸፍነዋል።

እዚህ ላይ ነው አንቺ ትዝ ያልሽኝ።

ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። ለትምህርት ቤት ቴአትር ከወረቀት የሠራሽውን ሰማያዊ ክንፍ አድርገሽ ሳሎኑ በር ላይ ቆምሽ። «አባዬ፣ እየኝ» አልሽ። እኔ ድራማ እያየሁ ነበር። ትዕይንቱ ሲቀየር ስክሪኑ ጨለም አለና ጥላሽን እዚያው መስታወቱ ላይ አየሁት። አንዱ ክንፍ ማጣበቂያው ለቆት በእጅሽ ደግፈሽዋል። ዞር አላልኩም። «ይቺ ክፍል ትለቅ» አልኩሽ። አለቀች። ቀጥሎ ዜና መጣ፣ እሱንም አየሁ። ዞር ስል የለሽም። ክንፉ ወለሉ ላይ ነበር፤ አንቺ ልብስሽን ሳትቀይሪ ተኝተሻል። በማግስቱ «ምን ልታሳዪኝ ነበር?» ስልሽ «ምንም» አልሽ። የዚያን ድራማ ስም ዛሬ አላስታውሰውም። ይህን ለእናትሽም ነግሬያት አላውቅም።

«ኢንተርስቴላር»ን ሁለቴ ያየሁትም ለዚሁ ነው። 2 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ይረዝማል፤ የመጽሐፍ መደርደሪያው ጀርባ ያለውን ነገር ስትመጪ ታስረጂኛለሽ። ያ ውሃ ብቻ የሆነ ፕላኔት ግን ከራሴ አልወጣም። እዚያ አንድ ሰዓት፣ ምድር ላይ ሰባት ዓመት። ልጆቹን ትቶ ጠፈር የሄደው አባት ወደ መንኮራኩሩ ሲመለስ 23 ዓመት አልፏል። ቁጭ ብሎ የልጆቹን የቪዲዮ መልእክት ያያል። ዓይኑ እያየ ያድጋሉ።

ልጄ፣ ቁጭ ብለሽ አታንጊ። ቅዳሜ ቀን እዪ፣ በማታም ሁለት ክፍል ይበቃሻል።

እኔም ዝርዝርሽ ላይ አንድ ልጨምር። «ትዌልቭ አንግሪ ሜን» ይባላል፣ የ1957 ፊልም ነው፣ ጥቁርና ነጭ። አባቱን ገድሏል በተባለ ወጣት ላይ የሚወስኑ 12 ሰዎች በሙቀት አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግተዋል። 11ዱ ጥፋተኛ ነው ይላሉ፣ አንዱ ቆይ እናውራበት ይላል። 96 ደቂቃ ብቻ ነው። እሁድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አንቺ እዚያ ጀምሪው፣ እኔ እዚህ እጀምረዋለሁ። መሃል ላይ የምትነግሪኝ ነገር ካለ ደውዪ። አቆመዋለሁ።

አባትሽ