የፓሌት አጥርና የጓሮ መደብ፦ የአካባቢ ጥበቃና የእጅ ሥራ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ የያዘው ሥራ አንድ ነው፤ የአትክልቱን ቦታ ከኳስ ሜዳው መለየት። በዚህ በፒያሳ ጠባብ ግቢ ቆስጣና ኳስ ጎን ለጎን መኖር አልቻሉም። የሽቦ አጥር ዋጋ ከክበቡ አቅም በላይ ስለሆነ ወደ ፓሌት፣ ማለትም የጭነት ዕቃ ወደሚደረደርበት የእንጨት ርብራብ ዞርን። ዓመቱ ሲያልቅ 24 ሜትር አጥር፣ ስምንት መደብና አንድ የኮምፖስት ሳጥን ቆመዋል። አሠራሩን ዘርዘር አድርገን የምንጽፈው ሌላው ክበብም እንዲሠራበት ነው።

«ፓሌት ነጻ እንጨት ነው» የሚባለው እውነትነቱ ግማሽ ነው። ጣውላው በነጻ ወይም በርካሽ ይገኛል፤ ቋሚው፣ ሞራሌው፣ ሚስማሩና ማጓጓዣው ግን የገንዘብ ነው። ሴራሚክና ማሽን የሚያስገቡ ነጋዴዎች መጋዘን በር ላይ ይከመራል፣ መርካቶ ምን አለሽ ተራም አይጠፋም። ያመጣነው 30 ነው። አንዱ 25 ኪሎ ግድም ስለሚመዝን ጠቅላላው 750 ኪሎ ይሆናል፤ አንድ አይሱዙ በአንድ ጊዜ ያነሳዋል።

አመራረጥ ላይ አንድ ሕግ አወጣን፦ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን። የተለያየ ፓሌት ሲቀላቀል የጣውላው ውፍረት ይለያያል፣ አጥሩም ወጣ ገባ ይሆናል። የመረጥነው 120 በ80 ሴንቲ ሜትር የሆነውን፣ የአውሮፓ የሚባለውን ነው። ይህ ፓሌት 11 ጣውላና 9 የእንጨት ኩቦች አሉት፣ የተያያዘውም በ78 ሚስማር ነው። ከጣውላዎቹ ስምንቱ 120 ሴንቲ ሜትር፣ ሦስቱ 80 ሴንቲ ሜትር ይረዝማሉ፤ የሁሉም ውፍረት 22 ሚሊ ሜትር ነው። እነዚህን ቁጥሮች ይዞ ከመጋዝ በፊት በወረቀት ላይ ማስላት ይቻላል።

ቀጥሎ ማህተሙ ይታያል። ከአገር አገር የሚሻገር የእንጨት ማሸጊያ የስንዴ ዛላ የሚመስል ምልክትና የአገር መለያ ፊደል ይመታበታል። ከአጠገቡ «ኤችቲ» የሚሉ የላቲን ፊደላት ካሉ እንጨቱ እምብርቱ ድረስ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቆይቷል ማለት ነው፤ ይህ ይወሰዳል። «ኤምቢ» ካለበት ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛማ ጋዝ የታጠነ ነው፤ ለአትክልት ቦታ አይሆንም። ጋዙ የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ የኬሚስትሪ ተማሪዎች በሞንትሪያል ስምምነት ስር ያውቁታል። ማህተም የሌለው አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ ከባሕር ዛፍ የተሠራ ነው። እንጨቱ ጠንካራ ነው፣ ግን ሳይበሱ ሚስማር ቢመቱበት ይሰነጠቃል። ማህተሙ ኋላ የፈሰሰበትን ነገር አይናገርምና ዘይት የጠጣ ወይም የፀረ ተባይ ሽታ ያለው ማህተሙ ቢያምርም ይቀራል።

ከሥራው ሁሉ ከባዱ መፍታቱ ነው። አዲስ አባል ሁሉ የሚጣደፈው ሚስማር መንቀያውን የጣውላው ጫፍ ስር ከትቶ ለመፈንቀል ነው፤ ጣውላው ሚስማሩ ላይ ለሁለት ይከፈላል። የፓሌት ሚስማር አካሉ ጠመዝማዛ ነው፤ እንጨቱን ነክሶ እንዲይዝ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ለጉልበት አይበገርም። የሚሻለው ሚስማሩን ሳይነቅሉ መቁረጥ ነው። በጣውላውና በኩቡ መካከል ሽብልቅ ገባ አድርጎ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይፈጠራል። በዚያ ክፍተት የብረት መጋዝ ምላጭ አስገብቶ ሚስማሩን መግዘዝ ነው። ጣውላው ሙሉ ሆኖ ይወጣል፤ ውስጡ የቀረውን የሚስማር ጭንቅላት በሌላ ወፍራም ሚስማር ከጀርባ መትቶ ማስወጣት ይቻላል። መሃል ያሉት ጣውላዎች በመዶሻም ይለቃሉ፤ ጣውላው ላይ ቁራጭ እንጨት ደግፎ፣ ኩቡን ተጠግቶ፣ አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ መምታት ነው። ከአንድ ወገን ብቻ የመታ ጣውላውን ሰበረ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ተጠንቅቀንም ከረጃጅሞቹ አንድ አራተኛው ባክኗል። አራቱ ለኮምፖስቱ ሳጥን ሳይፈቱ ስለቀሩ ከ26 ፓሌት 208 ባለ 120 ጣውላ ይጠበቅ ነበር፣ ለአጥር የበቃው 156 ነው። ለሥራ የሚያቅድ ሰው ይህን ብክነት ከመጀመሪያው ይቁጠር።

መሬት ላይ የሚቀረው ሚስማር ሌላ ጣጣ ነው። ሜዳው ላይ በባዶ እግሩ የሚጫወት ተማሪ አለ፣ መንጋጋ ቆልፍም ቀልድ አይደለም። ከአሮጌ እስፒከር የወጣ ማግኔት በገመድ አስረን የሥራውን ቦታ በየቀኑ እንጠርጋለን። የተሰበሰበውን ሚስማር ቆራሌው ይወስደዋል፤ ጠመዝማዛው ሲጣመም ስለማይቃና መልሶ መጠቀም አይታሰብም።

አጥሩ በየ2 ሜትሩ ቋሚ አለው፤ ለ24 ሜትር 13 ቋሚ ማለት ነው። እያንዳንዱ 180 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ባሕር ዛፍ ሲሆን 60ው ይቀበራል። ጉድጓዱ የተቆፈረው በጥቅምት ነው፤ መሬቱ የክረምቱን እርጥበት ሳይጨርስ ዲጂኖ በቀላሉ ይገባል፣ ጥር ላይ ግን ድንጋይ ይሆናል። የሚቀበረው ክፍል ከአፈሩ በላይ 10 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ ድረስ ትኩስ ሬንጅ ተቀብቷል። ቋሚ የሚበሰብሰው ታች ጥልቅ ውስጥ ሳይሆን አየርና እርጥበት በሚገናኙበት በአፈሩ አፍ ላይ ነው፤ ምስጡም የሚጀምረው ከዚያው ነው። ጉድጓዱ ስር 10 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ገብቶ አፈሩ በስሱ እየተጨመረ ይደለደላል። የተቃጠለ ዘይት ይቀባ የሚል ሐሳብ ነበር፤ ከመደቡ አጠገብ ስለሆነ አልተቀበልነውም።

ባለ 4 በ5 ሞራሌ 12 ተገዝቷል፤ እያንዳንዱ 4 ሜትር ስለሆነ ለላይና ለታች ሁለት መስመር ይበቃል። የላይኛውና የታችኛው መጋጠሚያ አንድ ቋሚ ላይ እንዳይውል አዛንፎ መጀመር ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ አጥሩ እዚያ ቋሚ ላይ ይዳከማል። ጣውላዎቹ በ4 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይመታሉ። ክፍተቱን በሜትር ከመለካት ይልቅ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ እንጨት መሃል እየከተቱ መሄድ ይፈጥናል። ሚስማሩ ባለ 6 ነው፤ 2.2 ሴንቲ ሜትር ጣውላና 4 ሴንቲ ሜትር ሞራሌ ሲደመር 6.2 ስለሚሆን ጫፉ በጀርባ አይወጣም። ባለ 7 ቢመታ የተማሪ ዩኒፎርም ይቀድዳል። ለ148 ጣውላ በአራት አራት 592 ሚስማር ሄዷል። ሁለቱ ሚስማሮች በአንድ የእንጨት ጅማት ላይ አይዋሉ፣ ሰያፍ ይቀመጡ። የሚስማሩን ጫፍ ቀድሞ በመዶሻ ማደነዝም ይጠቅማል፤ የሾለ ጫፍ ጅማቱን ይሰነጥቃል፣ የደነዘው ይጨፈልቃል።

ግቢው ተዳፋት ስለሆነ ሞራሌው የመሬቱን ዳገት ተከትሏል፣ እያንዳንዱ ጣውላ ግን በቱንቢ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ታቹ ከመሬት 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። አናቱ ሰያፍ መቆረጡን ብዙዎች ለውበት የተደረገ መስሏቸዋል፤ ዝናቡ በጣውላው አፍ ላይ እንዳይቆም ነው። የበሩ ማገር ላይም የሚሳሳት ብዙ ነው። ሰያፉ እንጨት የታችኛው ጫፉ በማጠፊያው ወገን፣ የላይኛው በመቆለፊያው ወገን ይሁን። ተገልብጦ ከተመታ በሩ በወር ውስጥ ወርዶ መሬት ይጎትታል።

ባለ 80ዎቹ ጣውላዎች ለአጥር አጫጭር ስለሆኑ መደብ ሆኑ። በአንድ መደብ ስምንት ጣውላ ይገባል፤ በየወገኑ ሁለት ሁለት ተደራርቦ 29 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይሰጣል፣ ለካሮት እንኳ ይበቃል። ማዕዘኖቹን የያዘው 30 ሴንቲ ሜትር የሞራሌ ቁራጭ ነው። የፓሌቱን ኩብ ማዕዘን ላይ ልጠቀም የሚል ካለ ቁመቱ እንደማያደርስ ይወቅ፤ ከተጨመቀ ሰጋቱራ የተሠራው ደግሞ ዝናብ ሲነካው እንደ ገንፎ ያብጣል። አንዱ መደብ 175 ሊትር ያህል አፈር ይይዛል፣ ሲረጥብ ከ200 ኪሎ በላይ ነው። ባለ 120 ጣውላ ይህን ሲሸከም መሃሉ ወደ ውጭ ይነፋል፤ ባለ 80ው ያለ ድጋፍ ችሎታል። ውስጡ የለበሰው የማዳበሪያ ከረጢት ነው፣ ውሃ ያሳልፋል። ላስቲክ ግን እርጥበቱን እንጨቱ ላይ ያፍናል። አፈሩ ሁለት እጅ ቀይ አፈርና አንድ እጅ ኮምፖስት ነው።

የኮምፖስቱ ሳጥን አራት ፓሌት ሳይፈታ በጎኑ ቆሞ፣ ጥግ ጥጉ በማሰሪያ ሽቦ የታሰረ ነው። የሚይዘው 1 ሜትር ኩብ ያህል ነው፤ ከዚያ ያነሰ ክምር ሙቀቱን አይጠብቅም። የፊተኛው ተፈትቶ ይከፈታል። በበጋ ነፋሱ እንዳያደርቀው ሁለቱ ጎኖች በከረጢት ተሸፍነዋል።

የሰኔ ዝናብ ከገባ ወዲህ ሦስት ጣውላዎች ተጣመዋል፤ ሦስቱም ከግንዱ እምብርት አካባቢ የተቆረጡ ናቸው። ለ2018 ዓ.ም. መቀየሪያ የሚሆኑ ስምንት ጣውላዎች መጋዘን ውስጥ በመካከላቸው ቁራጭ እንጨት ገብቶ ተደርድረዋል። ቀጣዩ ሥራ የችግኝ ማፍያ ዳስ ነው። ምዝገባው በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ስለሆነ መግባት የሚፈልግ ተማሪ ጓንትና ጠንካራ ሶል ያለው ጫማ ይዞ ይምጣ።